ከ8ኛ ክፍል በኋላ ሙዚቃ የት ይሄዳል?

ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችንና ለክልላችን የትምህርት ሥራ ኃላፊዎች
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ሙዚቃ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የምርጫ ትምህርት ሆኖ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የሙዚቃ ክበባችን ክፍል ከተዘጋ በኋላ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ክራራቸውን ይዘው ሄዱ። በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ጠበቃቸው። በመስኮት ሲያዩ ውስጡ የተሰባበረ ዴስክ ሞልቷል። ኪቦርዱ ንብረት ክፍል ገብቷል። የቅዳሜ ጠዋት የልምምድ ሰዓታችን ለማጠናከሪያ ትምህርት ተሰጥቷል። የጠየቀን የለም። የነገረንም የለም።

እኔ 7ኛና 8ኛ ክፍል ክወናና እይታ ጥበባት አስተምራለሁ። የተማርኩት ሙዚቃ ነው። በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ አጠገባችን ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበቡን በፈቃደኝነት አስተባብራለሁ። ነገሩ የአንድ ክፍል ቁልፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ርዕሰ መምህሩን አናግሬ እጨርሰው ነበር። ግን ክፍሉ በቀላሉ የተዘጋበት ምክንያት አለ። ሙዚቃ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ትምህርት አይደለም። ክበብ ነው። ክበብ ደግሞ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ቁልፉም፣ ከቁልፉ ጀርባ ስላለው ነገርም ነው።

አንድ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ሙዚቃን በመጠኑም ቢሆን ይማራል። መጽሐፍ አለው፣ ክፍለ ጊዜ አለው፣ ማርክ አለው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ያበቃል። ከዚያ አራት ዓመት ምንም የለም። ከአራት ዓመት በኋላ ልጁ ሙዚቃ ላጥና ካለ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚያ ተጫወት ይሉታል። ሊሉትም ይገባል፤ ዩኒቨርሲቲ ከሀሁ አይጀምርም። ፊዚክስን ከ8ኛ ክፍል በኋላ አቋርጦ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ልማር የሚል ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሙዚቃ ልጆቻችንን ግን በየዓመቱ እንዲህ አድርገን ነው የምንልካቸው።

ይህ ክፍተት ምን እንደሚያደርግ በሰው ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ልጅ ማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነበር። ኪቦርድ የተማረው ቸርች ነው። በከተማችን ኪቦርድ የሚችል ወጣት ካገኛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከኳየር የወጣ ነው። በገናና ክራር የሚችለውን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያሳደገው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። እነሱ ባይኖሩ የእኔ ክበብ ሰው አያገኝም ነበር። ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን የእነሱ ዓላማ አምልኮ ነው። ኖታ ማስነበብና ሙዚቃን እንደ ዕውቀት ማስጨበጥ የትምህርት ቤት ሥራ ነው። እኛ ያልሠራነውን ሥራ ከእነሱ መጠበቅ አንችልም።

የዚህ ልጅ ጆሮ ድንቅ ነው። አንድ መዝሙር አንዴ ከሰማ ኮርዱን ያገኘዋል። ግን ሁሉንም የሚጫወተው በሲ ሜጀር፣ በነጮቹ ቁልፎች ብቻ ነው። ዘማሪዋ ከፍ አድርግልኝ ካለችው ትራንስፖዝ የምትባለውን ቁልፍ ይጫናል። ድምፁ ከፍ ይላል፤ ጣቱ እዚያው ነው። እንደሱ የሚጫወቱ ብዙ ናቸው። ያስተማራቸው ስለሌለ መንገዱን ራሳቸው ፈልገው ያገኙ ልጆች ናቸው። ይህ ልጅ አዲስ አበባ ለመግቢያ ፈተና ሄደና ፒያኖ ፊት ተቀመጠ። ፒያኖ ትራንስፖዝ የለውም። ከሌላ ኪይ፣ ማለትም ከሌላ መነሻ ድምፅ ተነስ ሲባል ጣቱ ጠፋበት። ወረቀት ላይ ያለውን ኖታ ማንበብ ደግሞ ጨርሶ አያውቅም።

ሲመለስ መነኻሪያ ሄጄ ተቀበልኩት። «ቲቸር፣ እዚያ ያሉት ልጆች የሚያወሩት ሌላ ቋንቋ ነው» አለኝ። አሁን የወንድሙን ባጃጅ ይነዳል። የእንጀራ ሥራ ነው፤ አላቃልለውም። እሁድ እሁድ አሁንም ይጫወታል። አሁንም በሲ ሜጀር።

ያ ልጅ የጎደለው ተሰጥኦ አይደለም። 12ቱን ኪይ በሁለት ዓመት፣ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይቻላል። ኖታ ማንበብም እንደዚሁ ነው። 11ኛ ክፍል ላይ የሚያስቀምጠው ክፍል ቢኖር ኖሮ ፈተናውን ባያልፍ እንኳ ምን እንደተጠየቀ ይገባው ነበር።

ሁለተኛዋ ክራር ትጫወታለች። 10ኛ ክፍል ሳለች አንድ ከሰዓት በኋላ ጥያቄ ይዛ መጣች። ትዝታ ሜጀር ቃኝታ ስትጫወት ቆይታ፣ ሁለት ድምፅ ብቻ ጥቂት ስታላላ ዜማው አንጀት የሚበላ ሆነ። «ሁለት ብቻ ነው የነካሁት፣ እንዴት እንዲህ ይለወጣል?» አለችኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጊ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ያደረግሽው ይህንን ነው አልኳት። ከዚያ ባቲ ወደሚባለው ቅኝት ሄድን። ከዚያ አምባሰል። አንቺሆዬ ላይ ስንደርስ ጨልሞ ዘበኛው በር ሊዘጋ መጣ።

በማግስቱ የፊዚክስ ደብተሯን ይዛ መጣች። ማሲንቆ አነሳንና ክሩን በማስመሪያ ለካን። መሃሉ ላይ ስትይዘው ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወጣ። ክሩ ሙሉውን 220 ኸርዝ ከሰጠ ግማሹ 440 ይሰጣል። ክፍል ውስጥ በቀመር ያየችውን በጣቷ ነካችው። ሙዚቃ ጊዜ ይሻማል፣ ሳይንስ ያስረሳል ለሚሉ ሁሉ የማነሳው ያንን ቀን ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አባቷ መጡ። ጨዋ፣ ለልጃቸው የሚጨነቁ ሰው ናቸው።

«መምህር፣ ይሄ ነገር ፈተና ላይ ይመጣል?» አሉኝ።
«አይመጣም» አልኩ።
«ውጤቷ ላይ ይያዛል?»
«አይያዝም።»
«ታዲያ ልጄን አዝማሪ ሊያደርጓት ነው?»

በአዝማሪ ስም መጠራት እንደ ውርደት የሚቆጠርበት አገር ላይ መኖራችን ያሳዝነኛል። ታሪካችንን በማሲንቆ ይዘው የቆዩት እነሱ ናቸው። አባትየው ላይ ግን አልፈርድም። ትምህርት ቤቱ ራሱ ማርክ ያልሰጠውን ነገር አባት በምን አንጀቱ ቁም ነገር ይበለው? እኔም የምመልስላቸው አጣሁ። ልጅቷ መምጣት አቆመች። ክራሯ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እናቷ ገበያ ስንገናኝ ነገሩኝ።

ሌላው ቅሬታዬ አጭር ነው። የምንፈለገው ለበዓል ብቻ ነው። የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲደርስ፣ ኅዳር 29 ሲቃረብ፣ የወላጆች ቀን ሲመጣ ስልኬ ይጠራል። «ልጆቹን አዘጋጅ፣ ሦስት ቀን አለህ» እባላለሁ። ያን ዕለት ኪቦርዱ ወዲያው ከንብረት ክፍል ይወጣል። በአዘቦት ቀን ለማውጣት ግን ሞዴል 20 የሚባለውን የንብረት መጠየቂያ ቅጽ እሞላለሁ፣ ፊርማ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ እዞራለሁ፣ ሲሳካ ልጆቹ ወደ ቤት ሄደዋል። ልጆቹ ይህን ያያሉ። አንዱ «ቲቸር፣ እኛ እንደ ድንኳን ነን እንዴ? ለድግስ ብቻ የምንተከል?» ብሎ ጠይቆኛል። መልስ አልሰጠሁትም።

የመምህራን ጉዳይም አለ። ክወናና እይታ ጥበባት በሚለው ስም ሥር ሙዚቃም፣ ሥዕልም፣ ቴአትርም፣ ውዝዋዜም አለ። እኔ የሠለጠንኩት በአንዱ ነው፤ አራቱንም ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል አስተምራለሁ። ሥዕል የተማረች ባልደረባዬም እንደዚሁ ናት። በሁለተኛ ደረጃ የምሠራው የክበብ ሥራ ደግሞ ክፍለ ጊዜዬ ላይ አይቆጠርም። ስለ ገንዘቡ አይደለም የማነሳው። ያልተቆጠረ ሥራ እኔ የታመምኩ ቀን ይቆማል፤ ይህ ነው የሚያሳስበኝ።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ።

በከተማችን በየዓመቱ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሲከበር የበዓሉ ቦታ ጉዱማሌ ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሽማግሌዎቹ ቄጣላ የሚባለውን ጭፈራ ይዘው ሲመጡ መሬቱ ራሱ የሚረግጥ ይመስላል። ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ደስ ብሎናል። ግን ዜማውን ተቀምጦ የሚያጠና ተማሪ በትምህርት ቤቶቻችን የለም። መሪው ሲያወጣ ተቀባዩ የት ላይ ይገባል? ምቱ እንዴት ይቆጠራል? አንዱ ቀበሌ ከሌላው በምን ይለያል? እነዚህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሊመልሳቸው የሚችል፣ ከባድም ጣፋጭም ጥያቄዎች ናቸው።

አምና አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ አያቱ ሲያዜሙ በስልኩ ቀርጾ አመጣ። «ኖታ ላይ እናስፍረው» አለኝ። እኔ ሲዳምኛ በደንብ አልችልም። ግጥሙን እሱ ይነግረኛል፣ ዜማውን አብረን እንፈልጋለን። አንዷን መስመር አሥር ጊዜ እንሰማለን። አያቱ አንዱን ድምፅ የሚያነሱት ከፒያኖ ቁልፎች መካከል ነው፤ ይህን እንዴት እንጻፈው ብለን ተከራከርን። ልጁ ራሱ አንድ ምልክት ፈጠረለት። አራት ቅዳሜ ሠራን። ግማሽ ላይ ስንደርስ ክረምት ገባ። መስከረም ላይ ስንመለስ ክፍሉ ተዘግቷል። ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ያ ልጅ ሲሠራ የነበረው ጨዋታ አይደለም። ጥናት ነው። ሌላ አገር ቢሆን ማርክ የሚያገኝበት ሥራ ነው።

ሩቅ አልሄድም። ኬንያ ውስጥ ሙዚቃ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ብሔራዊ ፈተና ላይ ከምርጫ ትምህርቶች አንዱ ነው። ተማሪው መሣሪያ ይጫወታል ወይም ያዜማል። በጆሮው የሰማውን ይጽፋል። የአፍሪካንም የምዕራቡንም ሙዚቃ ይተነትናል። በእንግሊዝ ኤ ሌቭል በሚባለው የመጨረሻ ደረጃም ሙዚቃ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ መጫወት፣ አዲስ ዜማ መድረስና የሰሙትን መተንተን ይመዘናል። በእነዚህ አገሮች ልጁ «ለፈተና ይመጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ አዎ ማለት ይችላል።

የእኛው ትልልቅ ሰዎች ታሪክም ይህንኑ ይነግረናል። የሙላቱ አስታጥቄ ቤተሰቦች ልጃቸውን ወደ ዌልስ የላኩት ምህንድስና እንዲያጠኑ ነበር። ሙዚቃ የያዛቸው እዚያ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ነው። ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ፣ ቀጥሎም አሜሪካ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጆች ሄደው ተማሩ። የትዝታንና የባቲን ቅኝት ከጃዝ ጋር ያገናኙት ያንን ዕውቀት ይዘው ነው። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም ቫዮሊንና ፒያኖ ያገኙት በልጅነታቸው በተላኩበት የስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱም ሙዚቃን እንደ ትምህርት ያገኙት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ግን በሰው አገር። አቶቴ ወይም ታቦር ሰፈር ያለ ልጅ ዌልስ አይሄድም። እሱ ያለው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው።

ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ሰምቼዋለሁ።

የመጀመሪያው የፈተናው ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ያ ድንጋጤ ከማንም ቤት አልወጣም። የቅዳሜው ማጠናከሪያም ከዚያ ፍርሃት የመጣ ነው፤ ይገባኛል። እኔም ልጆቹ እንዲያልፉ ነው የምፈልገው። ግን ከክበቤ የቀሩት ልጆች ያንን ሁለት ሰዓት የት አሳለፉት ብላችሁ ጠይቁ። ጠይቄያለሁ። አንዳንዶቹ ማጠናከሪያው ላይም አልተገኙም። ቅዳሜ ወደ ትምህርት ቤት የሚያመጣቸው ሙዚቃው ነበር። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማስኬድ ይቻል ነበር፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሒሳብ፣ ከ4 እስከ 6 ሙዚቃ። ይህን ሐሳብ የማቀርብበት ስብሰባ ላይ ግን አልተጠራሁም።

ሁለተኛው በጀት ነው። ትልቅ ፒያኖ አልጠየቅንም። ክራርና ማሲንቆ እዚሁ አገር ይሠራሉ። ዋሽንት ከሸምበቆ ነው። ሁለት ደህና ኪቦርድ፣ ለኖታ መጻፊያ አንድ ባለ አምስት መስመር ሰሌዳ፣ ድምፅ የማይረብሽበት አንድ ክፍል፤ መቅረጫው የልጆቹ ስልክ ነው። በዚህ እጀምራለሁ። ብዙ ሊያሳስበን የሚገባው መምህር ማግኘቱ ነው። ለዚያም ሰው አለ። በከተማዋ በሙዚቃ ተመርቀው ሌላ ሥራ የሚሠሩ ልጆች በግሌ አውቃለሁ።

«ተምረው ምን ይሆናሉ?» የሚለውም አለ። ሁሉም ሙዚቀኛ አይሆኑም፤ ባዮሎጂ የተማረ ሁሉ ሐኪም እንደማይሆነው። ግን ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሙዚቃ መምህር ያስፈልጋል፤ የሚሠለጥነው ከየት ሊመጣ ነው? ስቱዲዮው፣ የድምፅ ቴክኒሻኑ፣ በሐይቁ ዳር በየሆቴሉ የሚጫወተው ባንድ፣ የሰርግ ቡድኑ ሁሉ እንጀራ ነው።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼና እኔ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ከሁሉ በፊት የክበቡ ክፍል ተመልሶ ይከፈት። ሙሉ ክፍል ካልተቻለ ቅዳሜ ከማጠናከሪያው በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ይሰጠን። ኪቦርዱ በክበቡ ስም ይመዝገብ፤ ኃላፊነቱን ፈርሜ እወስዳለሁ።

ቀጥሎ፣ በከተማችን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ለ11ኛ ክፍል በምርጫ እንዲሰጥ ፍቀዱልን። አንድ ክፍል ይበቃናል። 11ኛ ላይ ኖታ፣ አራቱ ቅኝቶችና አንድ መሣሪያ። 12ኛ ላይ ድርሰት፣ ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ዜማ የመሰብሰብ ሥራ፣ በመጨረሻም ሰው ፊት ተጫውቶ መፈተን። ውጤቱ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ይህቺን ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፤ ያቺ ባለ ክራሯ ልጅ አባቷን የምታሳየው ነገር ያስፈልጋታል። በብሔራዊ ፈተና ይግባ የሚለው ከእናንተ ሥልጣን በላይ እንደሆነ እናውቃለን። ግን ጥያቄውን ወደ ሚኒስቴሩ የምታደርሱት እናንተ ናችሁ፤ ከሐዋሳ ተሞክሮ ጋር አድርሱልን።

የክበብ ሥራ የመምህሩ ክፍለ ጊዜ ላይ ይቆጠር። ስለ ጥበባት ትምህርት ስትወስኑም ከእኛ አንድ ሰው ስብሰባው ላይ ይቀመጥ። ለበዓል ዝግጅት ስትፈልጉን ደግሞ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ንገሩን።

መልሱን በጽሑፍ፣ እስከ ገና ድረስ ብታደርሱን ሥርዓተ ትምህርቱንና የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ረቂቅ ይዘን ቢሮአችሁ እንመጣለን። ክፍሉን ግን እስከዚያ አታቆዩት። የዚያ ልጅ አያት አርጅተዋል፤ ዘፈኑ ደግሞ ገና ግማሹ ላይ ነው ያለው።

ከአክብሮት ጋር፣

የ7ኛና 8ኛ ክፍል የክወናና እይታ ጥበባት መምህር፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሙዚቃ ክበብ አስተባባሪ
ሐዋሳ